በምን ታውቀኛለህ?

ቅዳሜ ማታ ነው። የታጠበው ልብስ ሶፋው ላይ ተከምሯል፤ እኔም ከጎኑ ተከምሬያለሁ። ያዘነ ሰውም አይደለሁ፣ ደስ ያለውም አይደለሁ። እንዲህ ሲያደርገኝ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ፤ ያየሁትን ፊልም ደግሜ አያለሁ።

ዛሬ «ኮሂረንስ» ነበር፤ በፈረንጆቹ 2013 የወጣው፣ የጄምስ ዋርድ ባይርኪት። ሰውየው ስምንት ተዋንያን ራሱ ቤት ሰብስቦ፣ ሙሉ ጽሑፍ ሳይሰጣቸው፣ ለየአንዳንዱ በየቀኑ ብጣሽ ማስታወሻ እያደለ በአምስት ሌሊት ቀርጾ ጨረሰው። ፊታቸው ላይ የሚታየው ግራ መጋባት ግማሹ የእውነት ነው። ጓደኛሞች እራት ላይ እያሉ ጅራታም ኮከብ ያልፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ በሰፈሩ አንድ ቤት ብቻ ብርሃን ይታያል። ሄደው በመስኮት ሲያጮልቁ ገበታው ላይ የተቀመጡት ራሳቸው ናቸው። መጨረሻውን ላላየ አልነግርም።

መጀመሪያ ሳየው ያንገበገበችኝ ያው «ሌላዋ እኔ» ነበረች። ያንን ቅጽ በጊዜው ያስገባችው። ያን ስልክ ያነሳችው። ጸጉሯን ያልተቆረጠችው። የፊዚክስ ሊቁ ሂዩ ኤቨረት በፈረንጆቹ 1957 አቶምን የመሳሰሉ ጥቃቅን ነገሮችን ስንለካ ያላየናቸው ውጤቶች አይጠፉም፣ ሁሉም አሉ ብሎ ጽፎ ነበር፤ እኔ ወስጄ የጸጉር ጉዳይ አደረግሁት።

ዛሬ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ቀረ። አንዱ ወጥቶ ይመለሳል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ወይኑን ያነሳል፤ የተመለሰው ግን የወጣው ሰው ላይሆን ይችላል። ማንም አላወቀም! የዓመታት ጓደኛሞች ናቸው እኮ። ሲጨንቃቸው ፎቷቸው ጀርባ ላይ በዳይስ ያወጡትን ቁጥር ጽፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱ፣ አንድ የቤት ዕቃም ጨመሩበት። የትኛው ቤት የማን እንደሆነ መለያ መሆኑ ነው። መልክ አልበቃም ማለት ነው።

የእኔ ሳጥን ውስጥ ምን ይገባል? ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ከእማዬ ቤት ያመጣኋት አፏ የተሸረፈች ሲኒ አለች። እማዬ እሷን ለእንግዳ ሰጥታ አታውቅም፣ የራሷ ነበረች፤ ስትጠጣ የተሸረፈውን በአውራ ጣቷ ትሸፍነዋለች። አሁን እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ፣ መቼ እንደጀመርኩት እንጃ። እማዬን ማንም አያታልላትም። ስልክ አንስቼ «ሄሎ» ከማለቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ትለኛለች። ምንም አልሆንኩም ካልኳት ደግሞ ይብስባታል።

እሱስ?

መኝታ ቤት በር ላይ ቆሜ፣ «አንተ፣ እኔ እኔ መሆኔን በምን ታውቃለህ?» አልኩት። ኳስ እያየ ነበር።

«እ?»

«እኔን የምትመስል ሌላ ሴት አሁን ብትገባ፣ ታውቃታለህ ወይ ነው የምልህ።»

ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ትንሽ አሰበ። ማሰቡ ራሱ ልቤን ነካው፣ የሆነ ቆንጆ ነገር ጠበቅሁ።

«እሷማ ልብሱን ታጥፈዋለች።»

ጎል ገባ መሰለኝ፣ ብድግ አለ። ጨዋታችን በዚያው አለቀ።

ሳሎን ተመልሼ ልብሱን አየሁት። ባጥፈው ሊጠረጥረኝ ነው። ብተወው እውነቱን ነው ማለት ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ለማስማማት ያህል ካልሲዎቹን ብቻ ማጣመር ጀመርኩ። ዘጠኝ ናቸው። አንዷ ግራጫ ጓደኛ የላትም፤ ሶፋውን ገለበጥኩ፣ ማጠቢያውን በባትሪ አየሁ፣ የለችም።

የት እንደሄደች ጠርጥሬያለሁ። ያቺ ሴትዮ አጥፋ አስቀምጣት ይሆናል።