ሲሮጥ ይፈላል፣ ሲቆም ይበርዳል

ይህችን ዓረፍተ ነገር የሥራ ካርዱ ላይ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ሹፌሩ እንዳሉኝ፣ አንድ ቃል ሳልጨምር፦ «ሲሮጥ ይፈላል፣ ሲቆም ይበርዳል»። ጽፌ ካርዱን የፊት መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ በአጠገቡ ስመላለስ መልሼ አላነበብኩትም። ዓመታት አልፈውም የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

ፒክአፑ አሮጌ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አያንስም። የኋላ ሳጥኑ ወለል ሁለት ጊዜ ተበይዷል፣ ሞተሩ ግን ሲነሣ ድምፁ ያምራል። እኛ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ጋራዥ ራዲያተሩን በአዲስ ቀይሮለታል። የውሃ ፖምፓውም፣ ቴርሞስታቱም ተቀይረዋል። ይሄ ሁሉ ተደርጎ መፍላቱን አልተወም። እንዲህ ዓይነት መኪና ሲመጣ የሁሉም ሰው ዓይን ወዴት እንደሚሄድ በሙያው ያለ ያውቀዋል፤ በቀጥታ ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፤ በሞተሩ ራስ (ቴስታታ) እና በሞተሩ አካል መካከል ወዳለው ማሸጊያ።

ሹፌሩ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቁልፉን ሲያስረክቡኝ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ቀጥለው አንድ ነገር ጨመሩ።

«ልጄ፣ ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ጣሉልኝና ልገላገል። ውሃውን አንቆ የያዘው እሱ ነው።»

ጆሮዬ የተዘጋው እዚህ ላይ ነው። ይህን ምክር ስንት ሹፌር ነግሮኛል መሰላችሁ። ቴርሞስታት እኮ ውሃው 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፍ በር ነው። አውጥተህ ስትጥለው ሞተሩ ለሥራ የሚፈልገውን ሙቀት ሳያገኝ በብርዱ ይውላል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ያለ ጊዜው ይበላል። አዲስ መሆኑን ደግሞ አውቃለሁ። ፈትቼ ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አሙቄ አይቼዋለሁ፤ በሰዓቱ ከፈተ፣ እስከ መጨረሻው ከፈተ። ስለዚህ በልቤ «እኚህ ሰው አያውቁም» ብዬ ደመደምኩና የተናገሩትን ሁሉ በአንድ ላይ ጠቅልዬ ወደ ጎን አደረግኩት። የተሳሳተው ግምታቸውና ትክክለኛው ምስክርነታቸው ከአንድ አፍ ስለወጡ ሁለቱን አንድ አድርጌ ጣልኩ።

ጋራዡ ውስጥ መኪናው ጤነኛ ነበር። ቀዝቃዛውን አስነሣሁት፤ የላይኛው ቱቦ ቀስ እያለ ሞቀ እንጂ ወዲያው አልጠነከረም። ጓርኒሲዮኑ ቢያሳልፍ ኖሮ የሲሊንደሩ ግፊት ውሃው ሳይሞቅ ቱቦውን ድንጋይ ያደርገው ነበር። የዘይት መለኪያውን አወጣሁ፤ ወተት የመሰለ ነገር የለውም። ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው፣ ነጭ ጭስ አይወጣም። ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረገውን ሰማያዊ መመርመሪያ ፈሳሽ አደረግኩ፤ የተቃጠለ ጋዝ ሲነካው ወደ ቢጫ የሚለወጠው ነው። 10 ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ጥብቅ ነው። ማራገቢያው፣ ቬንትሌተሩ፣ አየሩን በደንብ ይስባል። ግማሽ ሰዓት በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ፣ አቆምኩት። በጨረር የሚለካውን ቴርሞሜትር ሳነጣጥር ራዲያተሩ ከላይ 86፣ ከታች 75 ዲግሪ ነው። ከዚህ የተሻለ ንባብ ከየት ይመጣል?

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፎርማናችን መጣ። ካርዱን አላየም፣ የተቀየሩትን ዕቃዎች ብቻ ጠየቀ። ራዲያተር፣ ፖምፓ፣ ቴርሞስታት አልኩት።

«ታዲያ ምን ቀረው? ቴስታታው ይውረድ።»

«ፈሳሹ እኮ ሰማያዊ ነው» አልኩት።

«ፈሳሹ ያረጀ ይሆናል። አውርደው።»

ፈሳሹ አላረጀም፣ ባለፈው ሳምንት ያስገባነው ነው። ይህንን ግን አልተናገርኩም። ቴስታታ ማውረድ ቀላል ነገር አይደለም። በአሮጌ ሞተር ላይ ብሎኑ ሊበጠስ ይችላል፤ ከወረደ በኋላ ገጹ ጠማማ መሆን አለመሆኑ ተለክቶ፣ ከጠመመ ተልጦ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶ ነው የሚመለሰው። የሰው ገንዘብና የሰው ሳምንት ነው። ሁሉም ምርመራ አይደለም እያለኝ «እሺ» ብዬ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ ከፎርማን ጋር መከራከር እንደ ድፍረት ይቆጠራል ብዬ አስብ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃውን ለማፍሰስ ሳህኑን ከሥር አስገብቼ የራዲያተሩን መፍሰሻ ልከፍት ስል ሹፌሩ መጡ። ሳህኑን አዩ፣ በጨርቅ ላይ የደረደርኳቸውን ቁልፎች አዩ።

«ልታወርዱት ነው?»

«አዎ ጋሼ። ጓርኒሲዮኑ ሳይሆን አይቀርም።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ እንደ ክስ ሳይሆን ለማወቅ ያህል ጠየቁኝ፦

«ሲሮጥ አይታችሁታል?»

«እዚህ ግማሽ ሰዓት አስነሥተን አይተነዋል።»

«እዚህማ እኔም አስነሥቼዋለሁ። እዚህ ጤነኛ ነው። እኔ ያልኩህ ሲሮጥ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ቀና ስል ዓይኔ መስታወቱ ላይ ወደ ለጠፍኩት ካርድ ሄደ። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሲሮጥ ይፈላል። ሲቆም ይበርዳል። ቆሞ የሚፈላ መኪና አብዛኛውን ጊዜ አየር አጥቶ ነው፤ ቬንትሌተሩ ላይ ትሄዳለህ። ሲሮጥ የሚፈላ ግን አየሩን መንገዱ ራሱ ይሰጠዋል፤ የሚያጥረው ውሃው ነው፣ የውሃው ዝውውር። ይህን ከተማርኩት ቆይቷል። ለማማጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ግን መኪናውን ሦስት ቀን የመረመርኩት በማይታመምበት ሁኔታ ነበር።

ሳህኑን ከሥር አወጣሁ። «ጋሼ፣ ይንዱልኝ፣ አብሬዎት ልሂድ» አልኳቸው። ለፎርማኑ አልነገርኩትም።

አውራ ጎዳናው ላይ እስኪወጡ የሙቀት ጌጁ ከመሐል አልተነቃነቀም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲያልፉ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይመስለኛል፣ መርፌው መንቀሳቀስ ጀመረ። እሳቸው ሳያዩት አወቁት። «አሁን ይጀምራል» አሉ። ከዚያ ወደ 60 ዝቅ አደረጉለት፤ መርፌው ቆየት ብሎ ተመለሰ። እንደገና 90 አደረሱት፤ እንደገና ወጣ። ይህን ለወራት በየመንገዱ ሲያደርጉት እንደኖሩ ገባኝ። የእኛን መሣሪያ ሁሉ የሚበልጥ ምርመራ በእግራቸው ሲሠሩ ነበር፣ የሚሰማቸው ግን አላገኙም።

መርፌው ቀዩን ሳይነካ ዳር ያዙ። እንደ ልማዳቸው ሊያጠፉ እጃቸውን ወደ ቁልፉ ሲሰዱ «አያጥፉት፣ ነዳጁን እንደረገጡ ይያዙት» ብዬ ወረድኩ። ኮፈኖውን ከፈትኩ። የራዲያተሩን ክዳን አልነካሁም፤ በዚያ ሰዓት ክዳን የነካ ፊቱን ይቃጠላል። ቴርሞሜትሩን አነጣጠርኩ፤ ከላይ 98፣ ከታች 51። ልዩነቱ እንዲህ ሲሰፋ ራዲያተሩ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው፤ የደረሰውን ጥቂት ውሃ አቀዝቅዞ ይዟል፣ ወደ ሞተሩ ግን የሚመልሰው አጥቷል።

ጎንበስ ብዬ ወደ ታች አየሁ።

የታችኛው ቱቦ፣ ከራዲያተሩ ሥር ተነሥቶ ወደ ፖምፓው የሚሄደው፣ መሐሉ ላይ ጠፍጣፋ ሆኗል። ባዶ ከረጢት አፉን ይዘው አየሩን ሲስቡት ግድግዳና ግድግዳው እንደሚጣበቀው ተጣብቋል። የጣት ውፍረት ክፍተት እንኳ አልቀረውም። «ነዳጁን ይልቀቁ!» ብዬ ጮኽኩ። ሞተሩ ወደ ሚኒሞ ሲወርድ ቱቦው አንድ ጊዜ ነዘር ብሎ ቀስ እያለ ተነፋ፣ ክብ ሆነ። «ይርገጡ!» እንደገና ተጣበቀ። «ይልቀቁ!» ተነፋ። ከአምስት ጊዜ በላይ አስደገምኳቸው። ስለ ቱቦ መጣበቅ ስሰማ ኖሬ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እሳቸውም ማየት አለባቸው አልኩ። ነዳጁን እኔ ከሞተሩ ላይ በእጄ ያዝኩትና ጠራኋቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩ።

«በሱ ውስጥ ነው እንግዲህ የሚያልፈው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«እና እንዲህ ሆኖ ነው ስሮጥ የምሄደው።»

ጋራዥ ተመልሰን ከቀዘቀዘ በኋላ ቱቦውን አውልቄ በቢላዋ በቁመቱ ሰነጠቅኩት። ፖምፓው ውሃውን የሚስበው በዚህ በኩል ስለሆነ እንዳይጣበቅ ውስጡ የተጠማዘዘ የብረት ሽቦ ይደረግበታል። ከሽቦው ሦስት ዙር ያህል ቀርቷል፤ ሲነኩት የሚፈረካከስ፣ የተቀረው ቡናማ ዱቄት ሆኗል። ጎማውም በዘይት ብዛት ለስልሶ እንደ ሊጥ ይታጠፋል። ጋራዡ ውስጥ አለማየታችን የሚገርም አይደለም፤ የሚታጠፈው በደንብ ሲሞቅና ዙሩ ሲበዛ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። አዲሱን ፖምፓ ስፈታ ደግሞ ምላጮቹ ሥር ሁለት ቁራጭ ሽቦ አገኘሁ።

የራዲያተሩን ክዳንም ፈተሽኩ። ላዩ ላይ 0.9 የሚል ጽሑፍ አለ፤ 0.9 ባር ግፊት ይያዝ ማለት ነው። ሥሩ ያለው የጎማ ቀለበት ተሰነጣጥቆ ምንም አይዝም። ጤነኛ ክዳን ውሃው ሳይፈላ ወደ 118 ዲግሪ እንዲደርስ ያስችለዋል፤ ከዚያም በላይ ግፊቱ ያንን የታች ቱቦ ከውስጥ ወደ ውጭ ይደግፈዋል። ግፊቱ ሲጠፋ ለሰለሰው ቱቦ የቀረው ምርኩዝም ጠፋ። ያ ራዲያተሩን በአዲስ የቀየረ ጋራዥ አሮጌውን ክዳንና አሮጌውን ቱቦ ነው መልሶ የገጠመው። ትልቁን ዕቃ ቀይረህ ትንሹን ስትመልስ የሚከፍለው ሰውየው ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሽቦውን ያዛገው ንጹሕ ውሃ ነው። ሹፌሩ ለዓመታት ኩላንት፣ ዝገት የሚከላከለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ አስገብተው አያውቁም። ስነግራቸው አልተቀበሉኝም፤ «ውሃ መቼ ጎድቶኝ ያውቃል» አሉ። ሰንጥቄ ያስቀመጥኩትን ቱቦ አሳየኋቸው፤ አዩና ዝም አሉ። ሽቦ ያለው አዲስ ቱቦ፣ አዲስ ክዳን፣ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት አስገባሁ። በዚያው መንገድ 100 እየነዳን ሄደን ተመለስን፤ መርፌው መሐል ላይ እንደተቸነከረ ቀረ።

ፎርማኑ ካርዱን ሲዘጋ «ቱቦ ተቀየረ» ብሎ ጻፈና «ለአንድ ቱቦ ሦስት ቀን?» አለኝ። ቴስታታው ይውረድ ማለቱን አላነሣም። እኔም አላነሣሁም፤ ሦስቱን ቀን ያቃጠልኩት እሱ ብቻ አልነበረምና።

ሹፌሩ መኪናቸውን ሲረከቡ እጄን ጨብጠው መረቁኝ። መሪው ጋ ከተቀመጡ በኋላ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ቴርሞስታቱን ግን ብታወጣልኝ ይሻል ነበር» አሉ። ቆሜ አስረዳኋቸው፤ 82ቱን ዲግሪ፣ የሲሊንደሩን መበላት፣ ድስት ውስጥ ያደረግኩትን ሙከራ ሁሉ ነገርኳቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ።

ከሁለት ወር በኋላ ዘይት ሊያስቀይሩ መጡ። አይፈላም፣ ጎበዝ ነው አሉኝ። ኮፈኖውን ስከፍት የቴርሞስታቱ ክዳን ብሎኖች ላይ አዲስ የቁልፍ ጭረት አየሁ። ፈታሁት። ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ማን አወጣው?»

«መንገድ ላይ አንድ ጋራዥ ገብቼ ነገርኳቸው» አሉ፣ ቅር እንዳይለኝ እየተጠነቀቁ። «እነሱ ሰሙኝ።»