ሐይቅ ዳር አድረን ሐይቁን አጣነው

እናቴ ተወልዳ ያደገችው ወሎ፣ ተሁለደሬ ውስጥ፣ ስሙም ሐይቅ ከሚባለው ሐይቅ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ልጅነቷን ስታወራ ያ ውሃ የማይገባበት ወሬ የለም። ልብስ ያጠበችው እዚያ፣ ከብት ያጠጣችው እዚያ፣ ከአያቴ ጋር ውዱእ አድርጋ ሶላት የለመደችውም እዚያው ዳር ነው። ተድራ ደሴ ከገባች በኋላ ግን ወደዚያ የሚወስዳት ለቅሶ ወይም ሰርግ ብቻ ሆነ፤ ድንኳን ውስጥ ትውልና አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። «አንድ ሌሊት እንኳ ውሃው አጠገብ ባድር» ስትል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ዘንድሮ እጄ ትንሽ ፈታ ሲል ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል አልጋ ያዝኩላት። የሆቴሉን ስም አልጽፍም። የምጽፈው ሰው ለማሳጣት ሳይሆን እናቴ እዚያ የገጠማት ነገር ከሆዴ ስላልወጣ ነው።

የእህቴን ልጅም ይዘናት ሄድን። ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጉዞው አይከብድም፤ ቦሩ ሜዳን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ የደሴ ብርድ ይቀርና አየሩ ሞቅ ይላል። መንገድ ላይ እናቴ ለልጅቷ የሐይቁን አፈጣጠር ተረከችላት። ድሮ ያ ቦታ ሰው የሚኖርበት አገር ነበር አሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች። ፈጣሪ ተቆጣና ያን ሁሉ አገር ከነልዕልቲቱ፣ ከነዘመድ አዝማዷ ውሃ አደረገው። ሳይሰምጥ የቀረው የተበደለችው ሴት የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነው። እሱም ደሴት ሆኖ ኖሮ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ላይ ነው። ልጅቷ «ሴትየዋስ ከዚያ ምን ሆነች?» ብላ ጠየቀች። «ወልዳ ተነሣች ይሆናላ» አለቻት እናቴ።

ሆቴሉ ስንደርስ የተሰጠን ክፍል ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ጀነሬተሩ ፊት ለፊት ነበር። ገንዘቡን በቴሌብር አስቀድሜ የላክሁት ውሃው በመስኮት ለሚታይ ክፍል ነው፤ ፎቶውንም እነሱ ራሳቸው ናቸው የላኩልኝ። እንግዳ ተቀባይዋ ሐይቁን የሚያሳዩት ክፍሎች በሙሉ ለሰርገኛ እንደተያዙ ነገረችኝ። ዋጋው ይቀነስ እንደሆነ ስጠይቃት ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ እንድናነጋግረው ነገረችኝ። ቧንቧው ውሃ አልነበረውም። መብራቱም ጠፋ መጣ ይል ነበር።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። ወሎ በ2014 ዓ.ም. ምን እንዳለፈባት የምንኖርባት እናውቃለን። ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም ሐይቅንም ሲያዳርስ ብዙ ሆቴል ፍራሹ ሳይቀር ተዘርፏል። ያንን ተሸክሞ በሩን እንደገና የከፈተ ሰው ቧንቧው ደረቀ፣ በሩ አልዘጋ አለ ተብሎ አይወቀስም። አንሶላው ቢነትብም ንጹሕ ነበር፤ ለእኔ ይበቃኛል። ቅር ያሰኘኝ ገንዘብ ሳይኖር ማድረግ ይቻል የነበረው፣ ግን ያልተደረገው ነው።

የአስር ሶላት ደረሰ። ክፍላችን ውስጥ ውሃ ስለሌለ እናቴ ነጠላዋን ደርባ፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም፤ ከዚያ ዳር ውዱእ ካደረገች ስንት ዘመኗ! ከሣሩ አልፋ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ አንድ የጥበቃ ልጅ ሮጦ መጣና ከፊቷ ቆመ። «እማማ፣ ወደ ውሃው መውረድ አይቻልም። ዳሩ ለፎቶ ተከራይቷል።» እውነትም ሙሽሮቹና ካሜራ የያዙት ሰዎች ራቅ ብለው ይታያሉ፤ እኛ ካለንበት ግን በመካከላችን ብዙ ባዶ ቦታ ነበር። እናቴ «ልጄ፣ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ፤ ማንንም አልረብሽም» አለችው። ልጁ አፈረ። «ታዝዤ ነው እማማ፣ በአላህ አይቀየሙኝ» አለና አንገቱን ደፋ። አነጋገሩን ስሰማ የዚያው አካባቢ ልጅ መሆኑን አወቅሁ። ሄዶ በባልዲ ውሃ ቀድቶ አመጣላት፤ ከዚያው ከሐይቁ። እሷም ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላ ውዱእዋን አደረገች፣ ለልጁም ዱዓ አደረገችለት። እኔ ግን እንደ እሷ መሆን አልቻልኩም። ያ ውሃ የእርሷ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 ላይ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ለሳር፣ ለወንበር፣ ለአልጋ ክራይ መቀበል ይቻላል። የሰባ ዓመት ሴት ፊቷን እንዳትታጠብበት ሐይቁን ማከራየት ግን የማንም ሥልጣን ሊሆን አይገባም።

በዚሁ ማምሻውን የእህቴ ልጅ እጄን ጎትታ አንድ ነገር አሳየችኝ። ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ የሚወጣ ቱቦ አረፋውን እየተፋ ድንጋዮቹ መሐል ይገባል፤ ከድንጋዮቹ ቀጥሎ ሐይቁ ነው። ሐይቁ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል በአንከርካ ወንዝ ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚፈስበት መውጫ የለውም። የገባበት ነገር የትም አይሄድም። እናቴ እጇን እንዳትነክርበት በተከለከለችበት ውሃ ሳሙናው ይገባል። ይህን ለእርሷ አልነገርኳትም።

እራት ላይ ዓሣ አዘዝን። ሐይቅ መጥቶ ሌላ ምን ይታዘዛል? ቆሮሶው፣ አምባዛው የዚህ ውሃ ሲሳይ ነው። አስተናጋጁ ዓሣ እንደሌለ፣ ያለው ፓስታና ሩዝ መሆኑን ነገረን። ስንገባ ግን ከበሩ ውጭ ልጆች ቆሮሶ በገመድ ሰክተው ሲሸጡ አይተናል። ለምን ከእነሱ አትገዙም ስለው፣ ሆቴሉ አቅራቢ እንዳለው፣ አቅራቢው ዛሬ እንዳልመጣ አስረዳኝ። ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ ለሆቴሉ እንደሌለ ነው። ቡናም ጠየቅን፤ በማሽን የተፈላ በፕላስቲክ ኩባያ መጣልን። ወሎ ውስጥ፣ ጀበናው ሲጣድ ጎረቤት በሚጠራበት፣ ከአቦል እስከ በረካ ሳይጠጣ እንግዳ በማይሸኝበት አገር! ጀበናና ከሰል ከማሽን ይረክሳሉ። የምታፈላ የሰፈር ሴትም እንጀራዋን ታገኝ ነበር።

ሌሊቱን ስፒከሩ አላስተኛንም። ሰርገኛ ይጨፍር፤ ደስታቸውን አልጠላሁም። ግን ድምፁ ወደ ውሃው ነበር የተደቀነው፣ ውሃ ላይ ደግሞ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እነዚያ አባቶች ዛሬ እንዴት ይጸልያሉ?» አለች። የምትላቸው መነኮሳቱን ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያጸኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም ነው፤ አበ ምኔቱ ዓቃቤ ሰዓት እየተባለ የነገሥታት አማካሪ የነበረበት ዘመን አለ። ሴት አይገባበትም፤ እናቴም ሙስሊም ናት፣ ደጁን ረግጣው አታውቅም። ሆኖም የልጅነቷን ማለዳ ስታወራ አዛኑንና የገዳሙን ደወል ለያይታ አታውቅም። ለራሷ እንቅልፍ ማጣት ምንም ሳትል ለእነሱ ተጨነቀች። እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው።

ጠዋት ሥራ አስኪያጁን አገኘሁት። ትሑት ሰው ነው፤ ሻይ አዘዘልኝ፣ እስከ መጨረሻውም አዳመጠኝ። የክፍሉን ልዩነት ሊመልስልኝ ፈለገ፤ እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የጠየቅሁት። ዳሩ ሲከራይም ባይከራይም፣ ለአካባቢው ሰው ወደ ውሃው የሚያስወርድ አንድ መንገድ ክፍት ይሁን። የልብስ ማጠቢያው ፍሳሽ ጉድጓድ ይቆፈርለት። በሩ ላይ ካሉት ልጆች ዓሣ ይገዛ። ስለ መንገዱና ስለ ዓሣው ለባለቤቱ እንደሚያቀርብ ነገረኝ። የቱቦውን ነገር ሳነሣበት ግን ዝም አለ። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፌ፣ ስልክ ቁጥሬን ከሥሩ አድርጌ ሰጠሁት።

ከሆቴሉ ወጥተን ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት ቤት የተጠበሰ ቆሮሶ በላን፣ ቡናም እስከ በረካ ጠጣን። እናቴ ከሴትየዋ ጋር ስትጫወት የአክስቷን ልጅ የምታውቅ ሆና ተገኘች፤ የአክስቷ ልጅ ቤት አቅጣጫ ሲነገራት አሁንም ውሃው ዳር ነው። ለዐረፋ እዚያ እንደምናድር ወስናለች፤ ፍራሽና ብርድ ልብስ እኔ እንድይዝ ታዝዣለሁ። ከሆቴሉ እስከ ዛሬ አልተደወለልኝም፤ ለዐረፋ ስንሄድ ሥራ አስኪያጁን በአካል አግኝቼ እጠይቀዋለሁ።