የሙቀት ጋሻን ያለ ገመድ መለካት

የመንኮራኩር ሙቀት መከላከያ ጋሻ ውስጥ ሴንሰር ለመቅበር ስትነሱ ቀድሞ የሚያስቸግራችሁ ገመዱ ነው። መውጫ ቀዳዳ ይፈልጋል። ብረት ስለሆነ ደግሞ ሙቀቱን እየጎተተ ወደ ውስጥ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 ማርስ ላይ ያረፈችው ሮቦት ተሽከርካሪ የኪዩሪዮሲቲ ጋሻ ቴርሞካፕሎች (ከሁለት ዓይነት ብረት የሚሠሩ ሙቀት መለኪያዎች) ነበሩት፤ ሁሉም ባለገመድ። የሰጡት መረጃ ትልቅ ዋጋ አለው። እኔ ግን ይህንኑ ያለ ገመድ ለመሥራት ፈለግሁና በቤተ ሙከራ ምድጃ ጀመርኩ።

ባትሪን ከነጭራሹ አላሰብኩትም። እዚያ ሙቀት ውስጥ ባትሪም ተራ ቺፕም አይተርፍም። የመረጥኩት ሴንሰር አንድ ቁራጭ ክሪስታልና ላዩ ላይ የተነጠፈ ስስ ብረት ብቻ ነው። ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ እልክለታለሁ። ሞገዱ በክሪስታሉ ገጽ ላይ ንዝረት ይሆናል፤ ከዚያ ተመልሶ ሬዲዮ ሆኖ ይወጣል። ክሪስታሉ ሲሞቅ የንዝረቱ ፍሪኩዌንሲ ስለሚቀየር፣ ሙቀቱን ከዚያ አሰላለሁ።

ኳርትዝ የሚባለው ክሪስታል ለዚህ አይሆንም፤ 573 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ውስጣዊ አደረጃጀቱ ይለወጣል። ላንጋሳይት የሚባለው ሌላ ክሪስታል ግን ከ1,400 ዲግሪ በላይ እስካለው መቅለጫው ድረስ ይህ ችግር የለበትም። ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ብረቱ ነው። ስስ ፕላቲነም 700 ዲግሪ አልፎ ሲቆይ እየተሰባሰበ ጠብታ ይሆናል፣ መስመሩም ይቆራረጣል። የፕላቲነምና የሮዲየም ቅይጥ ሙቀት ከሚችለው ሴራሚክ ከዚርኮኒያ ጋር ሲነጠፍ የተሻለ ይችላል።

በጣም የምወደው ነገር መዘግየቱ ነው። በክሪስታሉ ላይ ያለው ንዝረት ከሬዲዮ ሞገድ 100,000 ጊዜ ያህል ይዘገያል። ከምድጃው ግድግዳ የሚነጥረው ጫጫታ ቶሎ ይጠፋል፣ የሴንሰሩ ምላሽ ግን ኋላ ይመጣል። ስለዚህ ትንሽ ጠብቄ ማዳመጥ ብቻ ነበረብኝ። በአንድ ክሪስታል ላይ ሁለት ሬዞኔተር (በራሱ ፍሪኩዌንሲ የሚንዘር ክፍል) በተለያየ አቅጣጫ ማስቀመጥም ጠቅሞኛል። የአንቴናው ርቀት ሲቀያየር ሁለቱንም ስለሚነካ፣ ልዩነታቸውን ስወስድ ስህተቱ በአብዛኛው ይጣፋል።

ከሁሉም በላይ የተማርኩት ግን ስለ ጋሻው ነው። ከሲሊካ፣ ማለትም ከመስታወት ዋና ንጥረ ነገር፣ የተሠራ ጋሻ ሬዲዮን በደንብ ያሳልፋል። እየተቃጠለና እየተላጠ ሙቀቱን የሚያባርረው ዓይነት ጋሻ ግን ሲከስል ካርቦን ይሆናል፤ ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሞገዱን ይውጠዋል። ለዚህ ዓይነቱ አንቴናውን በውጭ ሳይሆን በጀርባ፣ በቀዝቃዛው በኩል አደርጋለሁ። ሴንሰሩንም ከሚከስለው ክፍል በታች እቀብራለሁ። አሁን አዲስ ናሙና ሲመጣልኝ፣ ክሪስታል ከመምረጤ በፊት ሬዲዮ ማሳለፉን እለካለሁ፤ ሳይነካም፣ ከከሰለ በኋላም።