ፊልም ፍለጋ ወጥቼ ዕፅዋት ቤት ደረስሁ

ሮም በገባሁ በሦስተኛው ቀን በምድር ውስጥ ባቡር ቺኔቺታ ወረድሁ። እ.ኤ.አ. በ1937 ሙሶሊኒ የመረቀው የፊልም ስቱዲዮ ዛሬም ይሠራል። ጎብኚው የሚወሰደው ወደ ጥንታዊት ሮም ዲኮር፣ ማለትም ለቀረጻ ወደ ተሠራው አስመሳይ ከተማ ነው። አንዱን «የእብነ በረድ» ዓምድ በጣቴ ኳ ኳ ባደርገው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ።

እኔን ከቤቴ ያስወጡኝ ግን ቄሳሮች አይደሉም፤ የ1930ዎቹ የጣሊያን ፊልሞች ሳሎኖች ናቸው። ነጭ ግድግዳ፣ ከብረት ቱቦ የተሠራ ወንበር፣ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ስልክ። ስልክ ያለው ሰው እንኳ በአብዛኛው የሚያውቀው ጥቁሩን ነበርና እነዚያ ፊልሞች እስከ ዛሬ «ነጭ ስልኮች» ይባላሉ። የብዙዎቹ ታሪክ ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ ክፍሎቹ ግን አልጠፉም።

ችግሩ ዲኮር ቀረጻው ሲያልቅ ይፈርሳል። ስለዚህ የሠሪውን ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄድሁ። አርክቴክት ጁሴፔ ካፖኒ የፊልም ዳይሬክተሩ ማክስ ኦፉልስ በ1934 ለሠራው «ላ ሲኞራ ዲ ቱቲ» ለተባለ ፊልም ዲኮሩን አዘጋጅቷል። በዚያ ፊልም ውስጥ ደረጃ ለጌጥ የቆመ አይደለም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ያለች እመቤት ተንከባልላ የምትሞትበት ነው። በዚያው ሰሞን ካፖኒ በሮም ዩኒቨርሲቲ ግቢ የዕፅዋት ጥናት ተቋምን ይሠራ ነበር።

ግቢው የተመረቀው በጥቅምት 1935 የመጨረሻ ቀን ነው። የጣሊያን ጦር መረብን ከተሻገረ ገና ወር አልሞላውም። ይህን በልቤ ሳሰላ እግሬ ወደ ኋላ ማለት ዳዳው።

ሕንፃው ግን አስቆመኝ። ሁለት ረጃጅም የመስታወት ዓምዶች ከባዶው ግድግዳ መካከል ሽቅብ ይወጣሉ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የዛፍ ጥላ ግድግዳው ላይ ወድቆ እንደ ሲኒማ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ካፖኒ ለተማሪ የሠራውንና ለካሜራ የሠራውን በአንድ እጅ እንደሣላቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ጠጋ ብዬ ይህንንም ግድግዳ ኳ ኳ አደረግሁት። ምንም ድምፅ የለውም፤ ጣቴን ብቻ አመመኝ።

ሁኔታዬን ከበሩ ላይ ሲከታተል የነበረው ጥበቃ በትሕትና መጣና የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ የሚታየው በውስጥ በኩል መሆኑን ነገረኝ። ለፊልም ነው የመጣሁት ማለት አፈርሁ። አመስግኜ ወደ ዕፅዋቱ ገባሁ።