ሳሪስ የሚሄድ ሰው በአያት ባቡር

ወር በገባ በ12 የጠዋቱ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነጭ በነጭ ይሆናል። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጧፍ በእጃቸው ይዘው ቅዱስ ሚካኤል ፌርማታ ላይ ይወርዳሉ። በ17 ተራው የእስጢፋኖስ ነው። በ22 የዑራኤል፣ ወር በባተ ቀን ደግሞ የልደታ። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው መስመር በእነዚህ ሁሉ ደጃፍ ስለሚያልፍ፣ ቀኑን ሳልጠይቅ በዓሉን ከተሳፋሪው ልብስ ማወቅ ለምጃለሁ። አርብ ረፋድ ላይ ደግሞ ኮፍያ ያደረጉ አባቶችና ወጣቶች ይበዛሉ። ወደ አንዋር መስጊድ ነው የሚሄዱት። መሀል ላይ ወርደው በመርካቶ በኩል የሚያልፈውን ባቡር ይቀይራሉ።

ይሄን ነገር በታክሲ አላየውም። ሚኒባስ ውስጥ የማየው የፊተኛውን ሰው ማጅራት ነው። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል፣ ሂሳብ እንከፍላለን፣ "ወራጅ አለ" ብለን እንወርዳለን። ባቡር ላይ ግን አብዛኞቻችን ቆመን ነው የምንሄደው። ፊት ለፊት እንተያያለን። ሸራ ጫማ ያደረገው ተማሪ፣ ፌስታል የያዘች ነጋዴ፣ ክራቫት ያሰረ የባንክ ሠራተኛ አንድ ብረት ይዘው ይቆማሉ። አዲስ አበባ ውስጥ እነዚህ ሦስት ሰዎች እንዲህ ተጠጋግተው የሚቆሙበት ቦታ ብዙ የለም።

በቀደም ከሥራ ስመለስ ሜክሲኮ ላይ አንድ አባት አብረውኝ ተሳፈሩ። ከልደታ እስከ ስታዲየም ሁለቱ መስመሮች፣ የአያቱና በሳሪስ በኩል ቃሊቲ የሚሄደው፣ አንድ ሃዲድ ነው የሚጋሩት። የቃሊቲውም የአያቱም ባቡር እዚያው ፌርማታ ላይ ይቆማል። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ስታዲየምን አልፈን ወደ እስጢፋኖስ ስንሄድ ሰውዬው መስኮቱን አዩና፣ "ልጄ፣ ሳሪስ በዚህ ነው እንዴ?" አሉኝ።

"አይ አባባ፣ ይሄ አያት ነው የሚሄደው።"

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የእኔ ብቻ አልሆነም። አንዷ "እስጢፋኖስ ይውረዱና ይመለሱ" አለች። አንዱ "ለምን ይመለሳሉ፣ ከዚያ ታክሲ ይሻላቸዋል" አለ። ጥግ ላይ የተቀመጡ እናት ደግሞ፣ "ሰውዬው ደክሟቸዋል፣ መጀመሪያ ይቀመጡ እንጂ!" ብለው ሁላችንንም ገሰጹን። ወዲያው ቦታ ተለቀቀ። በመጨረሻ አንድ ወጣት "እኔ አብሬዎት እወርዳለሁ፣ ትክክለኛው ላይ አሳፍሬዎት የሚቀጥለውን እይዛለሁ" አለና አብሯቸው ወረደ። ቤቱ አያት ነበር። የሚቀጥለው ባቡር ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ልቤ የተነካው በዚህ ነው። ያ ልጅ ለማያውቀው ሰው ማታውን ሰጠ።

የመጀመሪያው መስመር፣ የቃሊቲው፣ ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። የአያቱ ጥቅምት ማብቂያ ላይ ተከተለ። ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። 39 ጣቢያዎች፣ 41 ባቡሮች፣ ወደ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ፤ አብዛኛው ደግሞ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር። ያኔ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ለማየት ብቻ ይሳፈር ነበር። ሕፃናት መስታወቱ ላይ ተለጥፈው መገናኛን ሲያዩ ትዝ ይለኛል።

አሁን ሥራ ላይ ያሉት ባቡሮች ከመጡት በጣም ያነሱ ናቸው። መለዋወጫ እየጠፋ ብዙዎቹ ቆመዋል። ይሄ ብዙ ጊዜ የሚወራው እንደ ቴክኒክና እንደ ገንዘብ ጉዳይ ነው። እኔ የማየው ሌላ ጉዳትም አለ። ባቡሩ ሲዘገይ ፌርማታው ይሞላል፤ በሩ ሲከፈት ግፊያ ነው። ግፊያ ውስጥ "ይቀመጡ አባባ" የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ቦርሳውን ደረቱ ላይ ያቅፋል፣ ኪሱን ይጠብቃል፣ ዓይኑን ይሰብራል። እርጉዝ ሴት ብትገባ እንኳ የሚያያት የለም። ሰው ስለከፋ አይመስለኝም። መተንፈሻ የሌለው ሰው ለሌላው ቦታ ሊለቅ አይችልም። ሽማግሌውን የረዱት ሰዎች በማግስቱ ጠዋት እዚያ ግፊያ ውስጥ ቢገኙ እንደዚያ ያደርጉ ነበር ብዬ አልምልም።

ሃዲዱ የለያየውም አለ። መሬት ለመሬት በሚሄድበት በኩል ማዶና ማዶ ያሉ ጎረቤቶች ለመሻገር ረጅም መንገድ ይዞራሉ። እናቴ በፊት ቡና የምትጠጣው ከመንገዱ ማዶ ካሉ ጎረቤቶቿ ጋር ነበር። አሁን ጉልበቷም አይፈቅድላትም፣ በስልክ ነው የሚጠያየቁት። ይሄንንም መደበቅ አልፈልግም። መሻገሪያ መጨመር ይቻላል፣ ይገባልም።

ብድሩ የሁላችንም ዕዳ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ነገር አለኝ። የቆሙት ባቡሮች መለዋወጫ ይገዛላቸው። ሁሉም በአንዴ ባይሆን እንኳ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት የሚወጡት ይብዙ። የጋራ ፌርማታዎቹ ላይ ደግሞ የሚመጣው ባቡር የአያት ይሁን የቃሊቲ በአማርኛም በኦሮምኛም ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ይቁም። ማንበብ የማይችሉ ብዙ እናቶችና አባቶች ይሳፈራሉ።