ዝገቱ የማይነካበት መንደር

የጃፓኗ ከተማ ኦካያማ ያደርኩባት ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም። ርካሽ ነው ብዬ ሣጥን የምታክል አልጋ ይዤ ነበር። ከላዬ የተኛው ሰውዬ እስኪነጋ አንኮራፋ። ከእሱ ይልቅ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ኪሴ ውስጥ የነበረው ብረት ነው።

ብረቱ ፁባ ነው። በጃፓን ሰይፍ እጀታና ስለት መካከል የሚገባው ክብ የእጅ መከላከያ። ከሁለት ቀን በፊት ቶኪዮ፣ የእሁድ ገበያ ላይ ገዛሁት። ሻጩ 20,000 የን ብሎኝ በ18,000 ተስማማን። "ኤዶ፣ ኤዶ" እያለ ነበር የሸጠልኝ። ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. የነበረውን ዘመን ማለቱ ነው። ማታ ላይ ሳየው ግን ልቤ ጠረጠረ።

ወደ ኦሳፉኔ የሚወስደው ባቡር ትንሽ ነው። በሩዝ ማሳ መካከል ቀስ እያለ ይሄዳል። መንደሯ በጥንቱ የቢዘን ግዛት ውስጥ ናት። ከተራራው የብረት አሸዋ፣ ከጫካው ከሰል፣ ለማመላለሻ ደግሞ የዮሺኢ ወንዝ ስለነበራት የሰይፍ አንጥረኞች ለዘመናት ከተሙባት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያው ወንዝ ሞልቶ መንደሩን ጠራረገው። ያም ሆኖ በጃፓን ብሔራዊ ቅርስ ከተባሉት ሰይፎች ብዙዎቹ የቢዘን ናቸው። ሳንቾሞ የሚባለውን ዝነኛ ሰይፍ የአካባቢው ከተማ አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. በ500 ሚሊዮን የን ገዝቶ ወደ ተሠራበት ምድር መልሶታል። ገንዘቡን ያዋጣው ሕዝብ ነው። ይህን ሳነብ በየውጭ አገሩ ሙዚየም ያሉት ቅርሶቻችን ትዝ አሉኝና ቀናሁ።

የሰይፍ ሙዚየሙ ውስጥ ሰው ሁሉ ቁጭ ብድግ ይላል። መጀመሪያ ግራ ገባኝ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት በእጃቸው ዝቅ በል አሉኝ። ጎንበስ ስል የመብራቱ ነጸብራቅ ስለቱ ላይ ሮጠ። እስከዚያ ያላየሁት ነገር ብቅ አለ። ጠርዙን ተከትሎ የሚሄድ ነጭ፣ ሞገድ የመሰለ መስመር። አዛውንቱ "ቾጂ" አሉና ስልካቸው ላይ ተርጉመው አሳዩኝ። ቅርንፉድ! ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ። መስመሩ በእርግጥም የቅርንፉድ እንቡጥ ተደርድሮ ይመስላል። የቢዘን መለያው ይኸው ነው። ከእሱ በላይ ደግሞ እንደ ጉም የሳሳ ጥላ አለ።

ከዚያ በኋላ ከሳቸው አልተለየሁም። በስልክ ትርጉምና በእጅ ምልክት አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩኝ። አዋቂ ሰው ፊርማውን መጀመሪያ አያይም። ቅርጹን፣ የብረቱን እንጨት መሰል ሽክርክሪት፣ የስለቱን መስመር አይቶ ሠሪውን ይገምታል። ፊርማ የሚያየው በመጨረሻ ነው፤ የታላላቅ አንጥረኞች ስም ለዘመናት ሲጭበረበር ኖሯልና። ፊርማው ያለበት የብረቱ ጅራት እጀታው ውስጥ ይደበቃል። እዚያ ያለውን ዝገት ማንም አይነካም። የቆየ ዝገት ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ አዲስ ዝገት ይቀላል። ዕድሜው የሚነበበው ከዚያ ነው። ዝገቱን የፋቀ ሰው ዋጋውን ፋቀ ማለት ነው።

ይሄኔ ፁባዬን አወጣሁ። አዛውንቱ ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው ብዙም ሳይቆዩ ቀና አሉ። ፊታቸው አዘነ። ፁባው ላይ ባሉት ክፍተቶች ውስጠኛ ግድግዳ ያለችውን ቀጭን መስመር በጥፍራቸው አሳዩኝ። የቀለጠ ብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲፈስ የማውጫው ሁለት ግማሾች የሚገናኙባት መስመር ናት። የጥንቱ ፁባ ግን ተቀጥቅጦ፣ በመሮና በሞረድ ነው የሚወጣው። መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳም ምንም አልተነካም። ሰይፍ የተሸከመ ቢሆን ኖሮ ለማጥበቅ የተመታበት ምልክት ወይም የተሰካ መዳብ ይኖረው ነበር። የኔው አንድም ስለት ገብቶበት አያውቅም።

ተናደድኩ። ሻጩ እያወቀ ነው የሸጠልኝ፤ አልጠራጠርም። አዛውንቱ ግን ከማሽን ትኩስ አረንጓዴ ሻይ ገዝተው ሰጡኝ። ከዚያ በመኪናቸው ጣቢያው ድረስ ሸኙኝ። ባቡሩ እስኪነሳ ቆመው ጠበቁ። አጎንብሼ ተሰናበትኳቸው፤ እንደ አገሬ ጉልበት መሳም ነበር ያማረኝ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አጎቴ ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የአያቴ ጎራዴ እሱ ቤት ሳሎን ተሰቅሏል፤ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው። ብዙ የእኛ ጎራዴዎች ስለታቸው ከአውሮፓ፣ በተለይ ከጀርመን የመጣ ነው። የሠሪው ማህተም እጀታው አጠገብ ይመታ ነበር።

"ጋሼ፣ ጎራዴው ላይ ማህተም አለ?"

"ነበረች፣ ትንሽዬ ነገር። ለፋሲካ እኮ በአመድና በሎሚ ፈትገን እንዴት እንዳብለጨለጭነው ብታይ!"

ትንሽ ዝም አልኩ። ደስታው ድምፁ ውስጥ ይሰማል።

"ካሁን በኋላ አይንኩት፣ ጋሼ። እጀታው አጠገብ ያለውን ቦታ በፀሐይ ብርሃን ፎቶ ያንሱልኝ። ጎንበስ ብለው፣ ብርሃኑ ከጎን እየመታው።"

"ዛሬውኑ እልክልሃለሁ" አለኝ።