ውኃ ማን ይቀዳልዎታል?

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የዝሆኔ ሕሙማን የሚታዩበት ቀን አለን። ሳፋ፣ ሳሙና፣ ጠብ የምትል በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ። ዕቃችን ይኸው ነው።

የእኛ ደጋ ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ በትንኝ የሚመጣው ዓይነት አይደለም። ጠንቁ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ነው። ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ደቃቁ በቆዳ ይገባና ከእግር ፈሳሽ የሚያወጣውን የሊምፍ ቧንቧ ይጎዳል። ፈሳሹ መውጫ ያጣል፣ እግር ያብጣል። በዘር ተጋላጭ የሆነ ሰው አለ። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። ይህን ስንት ጊዜ ተናገርን! አሁንም አግዳሚው ላይ ከሕሙማኑ ራቅ ብሎ የሚቀመጥ አይጠፋም።

አንዲት እናት የእግራቸው እብጠት እየቀነሰ ሳለ ትኩሳት ይነሳባቸዋል። እግራቸው ቀልቶና ግሎ፣ እየተንቀጠቀጡ ይመጣሉ። በተሰነጠቀ ቆዳ ባክቴሪያ ሲገባ እንዲህ ያደርጋል፤ ሰውን ከሥራ የሚያስቀረው ይኸው ነው። መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ይሻላቸዋል፣ ደግሞ ያገረሽባቸዋል። የጤና መኮንናችን ትዕግሥቱ አለቀ።

«እማማ፣ እየታጠቡ አይደለም ማለት ነው።»

«ኧረ ልጄ፣ ማታ ማታ ሳልታጠብ መች ተኝቼ!»

እግራቸውን አየሁት። ቆዳው በቫዝሊን ለስልሷል። በጣቶቻቸው መሃል ግን ሥጋው ረጥቦ ተልጧል፣ ቀይ ጭቃም ገብቶበታል።

«ውኃውን ማን ይቀዳልዎታል?» አልኳቸው።

«ማን አለኝና? እኔው ነኛ።»

ምንጩ ቁልቁለት ነው፣ መንገዱ ጭቃ። ኮንጎ ጫማ እግራቸው ላይ አይገባም። የመታጠቢያ ውኃ ፍለጋ በየቀኑ በባዶ እግር ቀዩ አፈር ውስጥ ይወርዳሉ ማለት ነው። ጤና መኮንኑ ዝም አለ።

በዚሁ ዞን አነደድ ወረዳ ተጠንቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር፣ እጥበት፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ትኩሳቱን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። እውነት ነው፤ ግን አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይገፋም።

እግራቸውን ካርቶን ላይ አስቀምጠን በእስክሪብቶ ዙሪያውን ለካን። ጫማ ሰፊው ሰፋ ያለ ሽፍን ጫማ ሠራ። የጎረቤት ልጅ ጀሪካኑን በአህያ ሊያመጣላቸው ተስማማ። ጣት መሃል በደረቅ ጨርቅ ማድረቅንም እዚያው ፊታችን አሠራናቸው። አሁን ካርድ ስናወጣ ስለ ውኃውና ስለ ጫማው ሳንጠይቅ አናልፍም።

ጫማውን የተረከቡ ዕለት ግን አመስግነው፣ በፌስታል ቋጥረው፣ በባዶ እግራቸው ወደ በሩ አመሩ።

«እማማ፣ የት?»

«ለቅዳሴ ነው የማደርገው፣ ጭቃ እንዳይነካው።»

ጤና መኮንኑ ፌስታሉን ተቀብሎ አስቀመጣቸውና ጫማውን ራሱ አጠለቀላቸው። «ለቅዳሴው ሌላ እናሠራለን፤ ይኼ የጭቃው ነው» አላቸው።